ጋሽ አዳፍሬ ያላዩት ቀለበት

ጆሮ ያላችሁ ጠጋ በሉ፣ ሥራ ያላችሁም ለጊዜው አቆዩት። የምነግራችሁ ስለ አንዲት ጠብታ ነው። ጠብታዋ እስክትገኝ ግን በብዙ እንቢተኛ በኩል እናልፋለንና ትንፋሻችሁን ሰብስቡ።

ወይዘሮ አመለወርቅ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ጎርባ ገበያ መሀል ተቀምጠው ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የስፌት መኪናቸውን በቀኝ እግራቸው ሲረግጡ የኖሩ ናቸው። ታዲያ በዚያው በቀኝ እግራቸው፣ ከጉልበታቸው ዝቅ ብሎ፣ አንድ ክፉ እብጠት ወጣባቸው። በሦስት ወር አንዴ ወደ አካባቢው ሆስፒታል የሚመጡት ቀዶ ሐኪም ዶክተር ፍቅረማርያም አይተው አልሸነገሏቸውም። «እብጠቱ ባለበት ከቆመ እሱን ብቻ አወጣለሁ። ወደ ላይ ከዘለቀ ግን እግሩን መቁረጥ አለብኝ። የትኛው እንደሆነ የሚነግረኝ ፎቶው ነው። ፎቶው ከሌለ ለነፍስዎ ስል እቆርጣለሁ» አሏቸው። የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ዛሬ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ነገ ማለዳ ዶክተሩ ይሄዳሉ።

ፎቶው ደግሞ እንዲሁ አይነሳም። መጀመሪያ አንዲት የምታበራ የመድኃኒት ጠብታ በደም ሥር ትገባለች። ስኳር መስላ በሰውነት ትዞራለች፤ በሽታው ስኳር ይወዳልና ይጎርሳታል፤ የጎረሳት ቦታ በፎቶው ላይ እንደ ፋኖስ ይበራል። ይቺ ጠብታ በየሁለት ሰዓቱ ግማሽ ኃይሏ ስለሚያልቅ ተሠርታ አትቀመጥም፤ በጠዋት ተወልዳ በዚያው ቀን መዋል አለባት። ስለዚህ ወይዘሮ አመለወርቅ ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል ሳይቀምሱ፣ አንዲት ጠብታ ፈልገው ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ።

ጠብታዋ የምትሠራው ከዚያው ሆስፒታል ሥር፣ ሁለት ፎቅ ወደ ታች ተወርዶ ነው። እዚያ ያለው ግድግዳ ሰው በቁመቱ ቢጋደምበት የሚበቃው ውፍረት አለው። ውስጡ ሳይክሎትሮን የሚሉት ክብ የብረት ግዙፍ ተቀምጧል። ዓይን የማታየውን ቅንጣት ይዞ በማግኔት ያሽከረክረዋል፣ ባሽከረከረው ቁጥር ይገፋዋል፣ በመጨረሻ ይለቀዋል። የተለቀቀው ጨረር ሜዳ ቢያገኝ «አንድ፣ ሁለት» ብለን ሳንጨርስ ምድርን ዞሮ ይመለስ ነበር። መንገዱ ግን አጭር ነው፤ ጫፉ ላይ ኢላማ ቆሟል። ኢላማው አውራ ጣት የማያህል የብረት ጎድጓዳ ሲሆን የምታበራዋ ጠብታ የምትወለድበትን ጥቂት ውሃ በውስጡ ይይዛል። ያን ሁሉ ኃይል በደረቱ የሚቀበለው እሱ ነው።

የኢላማውና የማቀዝቀዣው ባለሙያ እታፈራሁ ናት። እዚያ ስትሠራ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ዛሬም ያን ከባድ በር ስትከፍት ቤተ መቅደስ እንደሚገባ ሰው ድምጿን ዝቅ ታደርጋለች። ማንም አላዘዛትም፤ ይገርማታል፣ በቃ። ያን ቀን ጠዋት በሁለት ሰዓት ማሽኑን አስነሳች፤ ማሽኑ ግን ጭጭ አለ።

«ጨረሩ ሆይ፣ ጠብታዋን አብራልኝ» አለችው።

«አላበራም» አለ ጨረሩ። «ኢላማው ሳይቀበለኝ ወዴት ልሂድ? ግድግዳ ልምታ?»

ጨረሩ ጠብታዋን አላበራም አለ፤ ወይዘሮ አመለወርቅም ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ።

እታፈራሁ ወደ ኢላማው ዞረች። «ኢላማዬ፣ ጨረሩን ተቀበልልኝ።»

«አልቀበልም» አለ ኢላማው። «እሱ ሲመታኝ ምን እንደምሆን አንቺ ታውቂያለሽ። ከጀርባዬ ቀዝቃዛ ውሃ ካልሮጠልኝ ለወሬ ነጋሪ አልተርፍም።» እውነቱን ነው፣ ማንም በእሱ ቦታ ቢቆም ከዚህ የበለጠ ይጮህ ነበር። ኢላማው ጨረሩን አልቀበልም አለ፤ ጨረሩ ጠብታዋን አላበራም አለ፤ ወይዘሮ አመለወርቅም ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ።

«ውሃው፣ እባክህ ኢላማውን አቀዝቅዝልኝ።»

«አላቀዘቅዝም» አለ ውሃው። «ሰነፍ ሆኜ አይምሰልሽ። በዚያ ቀጭን ቧንቧ ውስጥ በራሴ መሮጥ አልችልም፤ ፓምፑ ይግፋኝ።» ውሃው ኢላማውን አላቀዘቅዝም አለ፤ ኢላማው ጨረሩን አልቀበልም አለ፤ ጨረሩ ጠብታዋን አላበራም አለ፤ ወይዘሮ አመለወርቅም ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ።

«አንተስ ፓምፑ? ውሃውን ግፋልኝ እንጂ!»

«አልገፋም» አለ ፓምፑ። «ጉሮሮዬ እያንጠባጠበ ምኑን ልግፋ? የጎማ ቀለበቴ ተበልቷል።» ፓምፑ ውሃውን አልገፋም አለ፤ ውሃው ኢላማውን አላቀዘቅዝም አለ፤ ኢላማው ጨረሩን አልቀበልም አለ፤ ጨረሩ ጠብታዋን አላበራም አለ፤ ወይዘሮ አመለወርቅም ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ።

ጨረር አጠገብ የኖረ ጎማ እንደ ደረቀ ቂጣ ይሰባበራል። እታፈራሁ ይህን ስለምታውቅ አልተጨቃጨቀችም፤ የጨረር ደህንነት ኃላፊውን ኑረዲንን ጠርታ ወደ ማሽኑ ክፍል ገባች። ኑረዲን በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን እያየ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። «አራት ደቂቃ ነው እታፈራሁ! አምስተኛዋን ብትለምኚኝም አልሰጥሽም!» በረጅም መቆንጠጫ ቀለበቱን ከፓምፑ ጉሮሮ አወጣች፤ ጎማው መሀል ቀጭን ብረት አለበት፤ ብረቱ ጨረር ጠጥቶ ጠጥቶ ራሱ ጨረር ይተፋል። ጨረር ከሚከልል ወፍራም መስታወት ወዲያ ባለ፣ እርሳስ ከሚባለው ከባድ ብረት በተሠራ ማሰሮ ውስጥ ከትታው በሦስት ደቂቃ ተኩል ወጣች።

አሁን የሚቀረው አዲስ ቀለበት ነው። «አዲሱ ቀለበት፣ ና ፓምፑን ድፈንልኝ።»

«በወደድኩ» አለ አዲሱ ቀለበት። «ግን እኔ ያለሁት ካርቶን ውስጥ፣ ካርቶኑ መደርደሪያ ላይ፣ መደርደሪያው መጋዘን ውስጥ፣ የመጋዘኑ ቁልፍ ጋሽ አዳፍሬ ወገብ ላይ። እሳቸው ካልሰጡኝ አልደፍንም።» አዲሱ ቀለበት ፓምፑን አልደፍንም አለ፤ ፓምፑ ውሃውን አልገፋም አለ፤ ውሃው ኢላማውን አላቀዘቅዝም አለ፤ ኢላማው ጨረሩን አልቀበልም አለ፤ ጨረሩ ጠብታዋን አላበራም አለ፤ ወይዘሮ አመለወርቅም ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ።

ጋሽ አዳፍሬ የንብረት ክፍል ኃላፊ ናቸው። የእሳቸው ሕግ አንድ ነው፤ አሮጌው ሲገባ አዲሱ ይወጣል።

«አሮጌው የታለ?» አሏት በመስኮታቸው በኩል።

«ጋሽ አዳፍሬ፣ አሮጌው እኮ ጨረር አለበት። ወደዚህ ሊወጣ አይችልም።»

«የማይወጣ ዕቃ አላውቅም፣ እታፈራሁ። ሠላሳ ዓመት እዚህች መስኮት ላይ ስቀመጥ የተቃጠለው ሳይመለስ አዲስ አምፖል እንኳ ሰጥቼ አላውቅም። ለሥራ አስኪያጁም ቢሆን! ዓይኔ ያላየውን እጄ አይጽፍም።»

ጋሽ አዳፍሬ አዲሱን ቀለበት አልሰጥም አሉ፤ አዲሱ ቀለበት ፓምፑን አልደፍንም አለ፤ ፓምፑ ውሃውን አልገፋም አለ፤ ውሃው ኢላማውን አላቀዘቅዝም አለ፤ ኢላማው ጨረሩን አልቀበልም አለ፤ ጨረሩ ጠብታዋን አላበራም አለ፤ ወይዘሮ አመለወርቅም ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ።

እታፈራሁ ደረጃውን እየዘለለች ወደ ኑረዲን ወረደች። «አሮጌውን ቀለበት ልቀቅልኝ፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ። አሳይቼ እመልሰዋለሁ።»

«አለቅም» አለ ኑረዲን። «እንኳን ለአምስት ደቂቃ ለአምስት ሴኮንድም። ዘጠኝ ቀን ማሰሮው ውስጥ ይረፍ፤ ከዚያ በኋላ የፈለግሽበት ውሰጂው። ደረጃው ላይ ስንት ሰው ይወጣል ይወርዳል፤ እርጉዝ አለች፣ ሕፃን ያዘለች አለች። አንቺ ራስሽ ብትሆኚ ትለቂዋለሽ?»

አትለቀውም ነበር። ያናደዳትም ይኸው ነው፤ ኑረዲንም ልክ ነው፣ ጋሽ አዳፍሬም በራሳቸው በኩል ልክ ናቸው። ዘጠኙን ቀን ደግሞ እንዳይለምኑት ጆሮ የለውም። ኑረዲን አሮጌውን ቀለበት አለቅም አለ፤ ጋሽ አዳፍሬ አዲሱን ቀለበት አልሰጥም አሉ፤ አዲሱ ቀለበት ፓምፑን አልደፍንም አለ፤ ፓምፑ ውሃውን አልገፋም አለ፤ ውሃው ኢላማውን አላቀዘቅዝም አለ፤ ኢላማው ጨረሩን አልቀበልም አለ፤ ጨረሩ ጠብታዋን አላበራም አለ፤ ወይዘሮ አመለወርቅም ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ።

ሰዓቱ ሦስት ተኩል ሆነ። እታፈራሁ ደረጃውን ስትወጣ የመጠበቂያው ክፍል በር ገርበብ ብሎ አየች። ውስጥ አንዲት ሴትዮ ብርድ ልብስ ለብሰው ተቀምጠዋል። እዚያ ስትሠራ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው ብያችኋለሁ፤ በእነዚያ ዓመታት ግን ጠብታዋ የምትደርስለትን ሰው ፊት ለፊት አይታ አታውቅም ነበር።

«ልጄ፣ መድኃኒቴ ለዘጠኝ ሰዓቱ ቀጠሮ ደረሰልኝ?» አሉ ወይዘሮ አመለወርቅ።

«ትንሽ ይቀረዋል፣ እማማ።»

«ግድ የለም። እኔ ያስቸገረኝ እግሬ ነው። አትነቃነቂ ብለውኛል፣ እሱ ግን የስፌት መኪና መርገጥ ለምዶ እንቢ አለኝ።» እውነትም ከብርድ ልብሱ ሥር ቀኝ እግራቸው መሬቱን ረገጥ፣ ረገጥ ያደርግ ነበር። እታፈራሁ እግሩን አየችና ቶሎ ወጣች።

ጋሽ አዳፍሬ መስኮት ጋ ስትደርስ አልለመነችም፣ አልተቆጣችም። «ጋሽ አዳፍሬ፣ ዓይንዎ ያላየውን እጅዎ አይጽፍም አይደል?»

«አይጽፍም።»

«እንግዲያው ዓይንዎን ይዘው ይውረዱ።»

«እኔ? ወደዚያ ጉድጓድ?» ጋሽ አዳፍሬ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። የሕንፃው መሠረት ሲቆፈር እዚያው ነበሩ፤ ከምድር ቤት በታች ግን አንድም ቀን ወርደው አያውቁም። «መጋዘኑን ለማን ጥዬ?»

«ቁልፉ ወገብዎ ላይ ነው፤ ማን ይገባል?»

«አንድ ነገር ቢያገኘኝስ?»

«ኑረዲን ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነን። ደግሞ ከመስታወቱ ወዲህ ነው የሚቆሙት።» ከዚያ ስለ ሴትዮዋ ነገረቻቸው፤ ስለ ስፌት መኪናው፣ ስለ ዘጠኝ ሰዓቱ ቀጠሮ፣ ስለ ቀኝ እግራቸው። ጋሽ አዳፍሬ ሰምተው መነጽራቸውን ጠረጉ፣ መዝገባቸውን በብብታቸው ያዙ፣ አማተቡና ተከተሏት።

ታች ቀዝቃዛ ነው። ግድግዳው ራሱ በቀስታ የሚያጉረመርም ይመስላል። ኑረዲን ደረታቸው ላይ ጨረር የሚመዘግብ ባጅ ለጠፈላቸውና ክንድ የሚያህል ውፍረት ካለው ቢጫ መስታወት ፊት አቆማቸው። ከመስታወቱ ወዲያ ኑረዲን ከወዲህ ሆኖ የሚያንቀሳቅሳቸው የብረት እጆች የማሰሮውን ክዳን አነሱ፣ ጎንበስ አሉ፣ አሮጌውን ቀለበት ብድግ አደረጉት። እስከዚያ ድረስ አልፎ አልፎ ጠቅ፣ ጠቅ ሲል የነበረው፣ ጫፉ ከመስታወቱ ወዲያ ያለው የኑረዲን የጨረር መለኪያ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ተንጫጫ።

«ይሄ ቁራጭ ጎማ?» አሉ ጋሽ አዳፍሬ በሹክሹክታ።

«ይሄ ቁራጭ ጎማ» አለች እታፈራሁ።

«ሲያዩት እኮ ምንም የለውም።»

«ምንም የለውም። እኔም እስካሁን ይገርመኛል፣ ጋሽዬ።»

ጋሽ አዳፍሬ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሠላሳ ዓመት ዕቃ ሲቆጥሩ ኖረዋል፤ ዕቃ እንዲህ ሆኖ አይተው አያውቁም። ወደ መስታወቱ ጠጋ ብለው ዙሪያውን አዩት። ከዚያ መዝገባቸውን በግድግዳው ላይ አስደግፈው ጻፉ፦ «አንድ አሮጌ ቀለበት። የሚገኘው ከመስታወት ወዲያ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ። እጄ አልነካውም፣ የማንም እጅ አይንካው።» ፈረሙና ቁልፋቸውን ከወገባቸው ፈቱ።

ያኔ ነገሩ ሁሉ ተፈታ። ጋሽ አዳፍሬ አዲሱን ቀለበት ሰጡ፤ አዲሱ ቀለበት ፓምፑን ደፈነ፤ ፓምፑ ውሃውን ገፋ፤ ውሃው ኢላማውን አቀዘቀዘ፤ ኢላማው ደረቱን ሰጥቶ ጨረሩን ተቀበለ፤ ጨረሩም ጠብታዋን አበራ።

የሚታይ ነገር አልነበረም። አንድ መርፌ ከዜሮ ተነስቶ ወደ ላይ ወጣ፣ የውሃው ሙቀት ትንሽ ጨመረና ረጋ፣ ከዚያ ሌላ ምንም የለም። ከግድግዳው ወዲያ ግን ምድርን በዓይን ጥቅሻ የሚዞር ኃይል አውራ ጣት በማያህል ጎድጓዳ ላይ ይወርዳል፤ ጎድጓዳውም በውሃ ተደግፎ ይቆማል። እታፈራሁ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «በርታ» አለችው። ወደ መጋዘናቸው መመለስ የነበረባቸው ጋሽ አዳፍሬ አንድ ሰዓት ሙሉ እጃቸውን አጣምረው መርፌውን ሲያዩ ቆዩ፤ ማንም ይሂዱ አላላቸውም።

ስድስት ሰዓት ላይ ጠብታዋ ስኳሯን ለብሳ፣ በእርሳስ ሣጥን ተቀምጣ ወደ ላይ ወጣች። ስምንት ሰዓት ላይ ዶክተር ፍቅረማርያም ፎቶውን አዩ። በማንኛውም ሕያው ሰው እንደሚሆነው አንጎልና ልብ በርተዋል። ከቀኝ ጉልበት በታች አንድ ፋኖስ በርቷል። ከዚያ ወደ ላይ ያለው አጥንት ግን ጨለማ ነው፤ ደስ የሚል ጨለማ። «ባለበት ቆሟል» አሉ ዶክተሩ።

አመሻሽ ላይ እታፈራሁ ወደ ሕሙማኑ ክፍል ወጣች። ወይዘሮ አመለወርቅ ገና ከማደንዘዣው እየነቁ ነበር፤ ከወገባቸው በታች ደንዝዟል፣ ምንም አይሰማቸውም። ብርድ ልብሱን ገልጠው ለማየት ግን ፈሩ። የእታፈራሁን እጅ ያዙና ዓይናቸውን ጨፍነው ጠየቋት።

«ልጄ፣ አንቺ እይልኝ። ስንት እግር አለኝ?»

«ሁለት፣ እማማ» አለች እታፈራሁ።

እኔ ይህን ለጆሯችሁ ሰጠሁ፤ ጆሯችሁም ለልባችሁ ይስጥልኝ።