ኦቨን ውስጥ የተወሸቀ ክዳን

አንዲት እናት ነበረች። ጥያቄሽን የዘለልኩት እንዳይመስልሽ፤ ሰምቼዋለሁ። ቁጭ በይና መጀመሪያ የእሷን ጉድ ስሚ።

ይህች እናት ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯት። ሁለቱም ያገቡ፣ የወለዱ፣ በአንድ ከተማ የሚኖሩ ናቸው፤ ግን አባታቸው ከሞተ ወዲህ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። አባትየው ሲያጣጥር ታላቁ ከአልጋው ሥር አልተነሳም። ታናሹ ተጠርቶ ቀረ፤ ብቅ ያለው ከቀብር በኋላ ነው። ታላቁ ይህን ሊረሳ አልቻለም። «እንደዚህ ያለ ሰው ወንድሜ አይደለም» አለ። ያለው ለእናቱ ነው፣ እሷም ሰምታ ዋጠችው። ከርሞ ደግሞ ታናሹ መጣና እግሯ ላይ ወድቆ አለቀሰ። «አባዬን ሲሞት ማየት ፈርቼ ነው፤ እባክሽ እማዬ፣ ለወንድሜ ንገሪልኝ» አላት። ይህንንም ዋጠችው።

ክፉ ሆና አይደለም። አሁን ብነግረው እንደ አዲስ ይነሳበታል፣ እስኪ ትንሽ ይብረድለት እያለች ነው። ይብረድለት፣ ይብረድለት ስትል ዓመታት አለፉ። ታናሹ «ይቅርታ ብለምነው እንኳ መልስ ነፈገኝ» ብሎ ተቀየመ። ታላቁም «አንድ ቀን እንኳ ይቅርታ አላለኝም» እያለ ተቃጠለ። ሁለቱም ለእሷ ይነግሯታል፣ እሷም ትሰማለች፣ ነገሩ እሷ ጋ ይቀራል።

ይህች ሴት ከሁሉ በላይ የምትፈራው ንፋስ ነበር። ታክሲ ውስጥ መስኮት ከተከፈተ «ዝጋው እንጂ ወንድሜ፣ ልትፈጀን ነው?» ብላ የምትጮኸው እሷ ናት። ላብ በላብ ሆና እንኳ በር አታስከፍትም። ሊጥ ስታቦካማ አይጣል ነው! እቃውን በፎጣ፣ ፎጣውን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ጥግ ታስይዘዋለች። ሊጥ ንፋስ ከመታው አለቀለት ባይ ናት። በዚህ ላይ ማንም አይከራከራትም።

በስንት ልመና፣ በስንት ምልልስ፣ አንድ ሽማግሌ ሁለቱን ወንድማማቾች በእናታቸው ቤት ሊያስቀምጧቸው ቻሉ። ሽማግሌው ቁርጡን ተናግረዋል፤ «ይህ ከፈረሰ እኔ ከእንግዲህ የለሁበትም» ብለዋል። እናት ደግሞ አርጅታለች፣ ልቧም ደክሟል። ሳልሞት በአንድ ማዕድ ልያቸው የሚል ነገር ብቻ ነው የቀራት። በዕርቅ ላይ የሚቆረሰውን ዳቦ ሌላ ሰው እንዲነካባት አልፈለገችም። አንድ ዳቦ ቢሆን ለማን ትልቁ ተቆረሰ ይባላል ብላም ከአንድ ሊጥ ሁለት እኩል ዳቦ አደረገች። ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ።

የታላቁ ልጅ ሚስት ለዕለቱ ብላ አዲሱን ኦቨኗን አስጭና መጣች። ሰካችው፣ አጋለችው፣ በሩን ከፍታ አሳየቻት። ከጀርባው ግድግዳ ላይ ክብ ማራገቢያ አለ። ቁልፉን ስታዞረው ውስጡ እሹሹሹ እያለ መንፈስ ጀመረ። እናት ክው አለች።

«በስመ አብ! ምንድን ነው የሚነፍሰው?»

«ማራገቢያው ነው፣ እማማ። ሙቀቱን እያዞረ ለላይኛውም ለታችኛውም ያደርሳል። ሁለቱንም ዳቦ አንድ ላይ ብናስገባቸው እኩል ይበስላሉ።»

«እህም» አለች እናት። እህም ያለችው በአፏ ነው። በሆዷ ግን፣ ይህች ልጅ አብዳለች፣ ሊጥ አቡክቼ ሌሊቱን ሙሉ ከንፋስ ስጠብቀው አድሬ፣ ዛሬ በገዛ እጄ ንፋስ ውስጥ ልጨምረው ነው? ትላለች። ምራቷ ወንበር ልትደረድር ዞር ስትል የትልቁን ድስት ክዳን አነሳች። እጇን በፎጣ ጠቅልላ ክዳኑን ከኦቨኑ ጀርባ፣ ማራገቢያው አፍ ላይ ወሸቀችው። እሹሹታው ታፈነ። ሁለቱን ዳቦ ከላይና ከታች አስገብታ ዘጋችና እፎይ አለች።

ሲወጣ የላይኛውን እሳት ያዝ አድርጎት ነበር። ጀርባውን በቢላ ፋቅ ፋቅ አደረገችው። የታችኛው ግን መልኩ ፈዘዝ ቢልም ያምራል፤ ነፍቷል። ምራቷ «እስኪ ልየው» ስትል «ተይ፣ ንፋስ ይመታዋል» ብላ ሁለቱንም በነጭ ጨርቅ ሸፈነቻቸው።

ወንድማማቾቹ መጡ፣ ትይዩ ተቀመጡ፣ አንዱ የአንዱን ፊት አላየም። ሽማግሌው ጸለዩ፣ መከሩ፣ ገሠጹ። በመጨረሻ ታላቁ «እሺ» አለ፤ ታናሹም «እሺ» አለ። ሁለቱም እሺታ ከጥርስ የወጣ ቢሆንም እናት ዕንባዋ መጣ። ሽማግሌው ቢላ አንስተው ከታላቁ ፊት ያለውን ዳቦ ባረኩና ቆረሱ። ቢላው አልገባም አለ። ሲጫኑት ዳቦው ተሰነጠቀና ከሥሩ እንደ ከሰል የጠቆረ ቅርፊት ጠረጴዛው ላይ ተበተነ። ሽማግሌው ደንግጠው ወደ ታናሹ ዳቦ ዞሩ። እዚያ ደግሞ ቢላው ሰተት ብሎ ገባ፤ ሲወጣ ግን ነጭ ሊጥ እየተጎተተ ተከተለው።

ሽማግሌው ሊጥ የተለወሰ ቢላ እንደያዙ ቀሩ።

ታላቁ የጠቆረውን ቅርፊት እያየ «አስታመምኩ፣ ቀበርኩ፣ የደረሰኝ ይሄ ነው?» አለ። ታናሹ ፊቱ አመድ መስሎ ተነሳ። «ለእኔም ጥሬውን! ምነው እማዬ፣ ከምትጠሪኝ ብትተዪኝ አይሻልም ነበር?» አለና ወደ በሩ ሄደ።

እናት የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። «ከአንድ ሊጥ ነው!» ብላ ጮኸች። «የአባታችሁ አፅም ይፋረደኝ፣ ከአንድ ሊጥ ነው የጋገርኩት!»

ምራቷ ወደ ማዕድ ቤት ሮጠች። ስትመለስ የድስቱን ክዳን በፎጣ ይዛለች።

«እማማ፣ ይሄን ኦቨኑ ውስጥ ማን ከተተው?»

«እኔ ነኛ! ንፋስ እንዳይመታው ነዋ!»

«ወይኔ እማማ! ያ ንፋስ እኮ ነው የሚያበስለው። ሲታፈን ሙቀቱ አንድ ቦታ ቆመና አንዱን ፈጀው፣ ለአንዱ ሳይደርሰው ቀረ።»

ማንም አልሳቀም። እናት ክዳኑን አየች፤ አንዱን ልጇን አየች፤ ሌላውን አየች። ፊቷ ልውጥ አለ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ነግሮኝ ነበር» አለች። «ታናሽህ ይቅርታ በይልኝ ብሎኝ ነበር። እግሬ ላይ ወድቆ። አልነገርኩህም።»

ታናሹ በሩ ላይ እንደቆመ ዞረ። «አልነገርሽውም?» አለ።

«ሌላስ ያልነገርሽኝ ምን አለ?» አለ ታላቁ።

ታናሹ ራሱ መለሰ። «መጥቼ ነበር። ያን ቀን እስከ አባዬ ክፍል ድረስ መጥቻለሁ። ዳዊት ስትደግምለት ሰማሁህ። የበሩን እጀታ ይዤ ገፋ አደረግሁት፣ ከዚያ በላይ እግሬ እምቢ አለኝ።»

ታላቁ ቀና ብሎ ፊቱን አየውና «በሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ» አለ። «ንፋስ መስሎኝ … አባዬን እንዳይመታው ብዬ … ተነስቼ ዘጋሁት።»

ታናሹ በቆመበት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ታላቁ ከወንበሩ ተነስቶ እዚያው በሩ ጋ ሄዶ አቀፈው፤ ሁለቱም እንደ ልጅ አለቀሱ። እናት ያን ጊዜ ማልቀስ እንኳ አልቻለችም። ስንት ዓመት ከለልኩላቸው ያለችው ነገር ምን እንደነበረ ገና አሁን ገባት።

የሊጡ እቃ ውስጥ አንዲት ትንሽ ዳቦ የምትወጣው ሊጥ ተርፎ ነበር። ምራቷ ጋገረቻት፣ ማራገቢያው እሹሹሹ እያለ። እስክትወጣ ወንድማማቾቹ በሩ ጋ ቆመው ያወሩ ነበር። ሽማግሌው ሲቆርሷት ዙሪያዋም መሐሏም አንድ ዓይነት ነበረች።

እንግዲህ ልጄ፣ አንቺ የጠየቅሽኝ «መምህር፣ ሁለቱን ሴቶች ልጆቼን እኩል ወድጄ፣ ያንዷን ነገር ላንዷ ሳላደርስ ለሰላም ብዬ ይዤ፣ ለምን ተቆራረጡብኝ?» ብለሽ ነው። አዎ፣ እኩል ወደድሻቸው፤ ያችም እናት ከአንድ ሊጥ ነው የጋገረችው። ነገር አመላላሽ ሁኚ አልልሽም፣ እሱ ሌላ በሽታ ነው። ግን የአንዷ ዕንባ፣ የአንዷ ቁጣ፣ የአንዷ ይቅርታ በቤትሽ እንዳይዞር መሐል ላይ ክዳን ሆነሽ የቆምሽው አንቺ ነሽ። ታላቂቱ አጠገብሽ ሆና ከሰለች። ታናሺቱ ርቃ ጥሬ ቀረች።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ዛሬ ከገባሽ ጀምሮ ታላቂቱ ስለ እህቷ ምን ብላ እንዳለቀሰች፣ ታናሺቱ ምን ብላ ልካብሽ እንደነበር፣ አንድ ሳታስቀሪ ለእኔ ለባዳው ነገርሽኝ። እኔም ሰምቼ ክው አልኩ። ለመሆኑ ይህን ሁሉ ልጆችሽ ሰምተውታል?

አልሰሙማ። በይ ተነሺ፣ ሁለቱንም ዛሬውኑ ጥሪያቸውና ለእኔ የነገርሽኝን ለእነሱ ንገሪያቸው።