የትርንጎ አበባ

፦ እግርሽን ሰብስቢና ለወንድምሽ ቦታ ስጪው። አንተም አትሳቅ፣ ከሳቅህ አልጀምርም። ዝም አላችሁ? እንግዲያው ተረት ተረት።

፦ የብርድ ቀን እሳት።

በድሮ ዘመን፣ መንዝ ውስጥ፣ ውኃ እንስራው ውስጥ እንዳለ በሚረጋበት ብርድ አገር፣ ማጠንቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ትርንጎ የምትባል አንድ ልጅ ነበረቻት። ሌላ የላትም። ልጅቷ ትስቃለች፣ እናቲቱ ትሰማለች፣ ቤቱ በዚያ ይሞላል።

አንድ ቀን መንገደኛ ነጋዴ መሸበትና እነሱ ቤት አደረ። ሲሄድ ለትርንጎ አንድ ሥር ሰጣት። ጠይም፣ ጠማማ፣ ስኳር ድንች የመሰለ። ከባሕር ማዶ፣ ከብርድ አገር የመጣ አበባ ነው አላት። ከተሜዎች ፒዮኒ ይሉታል አሉ። ትርንጎ ግን አበባዬ ብቻ ነው የምትለው። ነጋዴው አርቀሽ አትቅበሪው፣ አንዴ ከተከልሽው ከቦታው አታንሽው፣ ለማበብ ዓመታት ይፈጅበታልና አትቸኩይ ብሎ መክሯት ሄደ። እሷም ደጃፉ አጠገብ ተከለችው።

አበባው ሳያብብ ትርንጎ ለትዳር ደረሰችና ቆላ ላሉ ሰዎች ተዳረች። ገደሉን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ ነው አገራቸው። በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ የመጀመሪያዋን እናቷ ቤት መጥታ ትወልዳለች። እነሱ ግን ዳገቱ ያስወርዳታል ብለው አይልኩም። ለልቅሶ ካልሆነ ያገቧት ሴት ወደ እናቷ ቤት አትወጣም። ደንባቸው ነው።

ትርንጎ ይህን በሠርጓ ቀን ሰማችና አልነሳም አለች። ሚዜዎቹ ለመኗት። ሽማግሌዎቹ ተቆጧት። በመጨረሻ አበባዬ ሲያብብ መጥቼ ልየው፣ ይህንን ማሉልኝና ልሂድ አለች። ሙሽራው ደምሰው ሳቀና ማለላት፦

፦ አበባው ሲያብብ ትምጣ። አይታው ትመለስ።

ሽማግሌዎቹም ይሁን አሉ፣ የአበባ ነገር ማንን ያጣላል ብለው። ትርንጎ በቅሎ ላይ ወጣችና ሄደች።

ከዚያም ማጠንቱ ከሥሩ ጋር ብቻዋን ቀረች። መንዝ ውስጥ ሰው የሚሳሳለትን በባና ይጠቀልላል። ባና ከበግ ጠጉር የሚሠራው ወፍራሙ ልብስ ነው። ሕፃን ይጠቀለልበታል፣ በሽተኛም ይጠቀለልበታል። ማጠንቱ ኅዳር ሲገባ የሟች ባሏን ባና አወጣችና ሥሩን አለበሰችው። በላዩ ፍግ ከመረችበት። ፍጉ ሲግል እጇን ሰዳ ትዳብሰዋለች፣ ሞቀህ ወይ ትለዋለች።

በጋው ሲያልፍ ቅጠል ያወጣል። አበባ የለም። በዓመቱም ቅጠል። በዓመቱም ቅጠል። ማጠንቱ በርዶት ነው ትልና ፍግ ትጨምራለች። ጎረቤቷ ስንዱ በአጥሩ ላይ ብቅ እያለች፣ እትዬ ማጠንቱ ጎመን ነው እንዴ የተከሉት፣ እንግዲያው ቀቅለን እንብላዋ ትላታለች። ማጠንቱ ፍጓን መከመሯን ትቀጥላለች። አመሻሽ ላይ ደጃፏ ትቀመጥና ቁልቁል ወደ ቆላው ታያለች። ጭጋግ ነው። ከጭጋጉ ሥር ልጇ አለች። ካላበበ አትመጣም።

አንድ ዓመት ኅዳር ሲጋመስ የጨው ነጋዴ ወሬ ይዞ ወጣ። ትርንጎ ሴት ልጅ ወልዳለች፣ ነገር ግን ሕፃኗን ንዳድ ይዟት ብርድ ብርድ ይላታል፣ የሚያለብሷት ወፍራም ነገር የላቸውም አለ። ማጠንቱ ሌላ ባና የላትም። ወጣች። ፍጉን በእጇ ገለጠችና ባናውን ከሥሩ ላይ ገፈፈችው። አጠበችው፣ በፀሐይ አደረቀችውና ለነጋዴው ሰጠችው።

፦ ልጇን ታልብሳት። ስለ አበባው ከጠየቀችህ ደህና ነው በላት።

ደህና አልነበረም። ራቁቱን ነበር። ፍጉን መልሳ ለመከመርም ልብ አጣች።

ታኅሣሥ ገባ። ውርጩ ሜዳውን ጨው አስመስሎት ያድራል። ጠዋት ጠዋት ማጠንቱ ወደ ሥሩ ሳታይ ታልፋለች። ገደልኩት ትላለች። ልጄ የምትመጣበትን መንገድ በገዛ እጄ አጠፋሁት ትላለች።

ሚያዝያ ላይ ከመሬቱ ቀይ ቡቃያ ወጣ። እንደ ጣት። ከዚያም ቅጠል፣ ከዚያም ክብ እንቡጥ፣ እንቡጡን ደግሞ ጉንዳን ወረረው። ስንዱ ኧረ ያራግፉት፣ ሊበላው ነው አለቻት። ማጠንቱ እጇን ሰበሰበች። ለካ ብርዱን ነበር የሚፈልገው፣ ሳሞቀው ነው የከለከልኩት፣ ከእንግዲህ አልነካውም አለች።

አንድ ጠዋት ፈካ። ፈዛዛ ቀይ፣ ድርብርብ፣ እቅፍ የሚሞላ። ራሱ ከበደውና አጎነበሰ። ማጠንቱ አልነካውም ያለችውን ረሳችና በእንጨት ደገፈችው። ስንዱ መጥታ ቆመች። አልቀለደችም። ባሏን ቀስቅሳ ትርንጎን ጥራ ብላ ቆላ ላከችው።

ቆላ ሩቅ ነው። አበባው መርገፍ ጀመረ። ማጠንቱ የረገፈውን በሰፌድ እየለቀመች መንገዱን ታያለች። የአበባው አንዱ ቅጠል ረገፈ። ሌላውም ረገፈ። አንድ ብቻ ሲቀር በቅሎ ዳገቱን ወጣች። ትርንጎ በላይዋ፣ ሕፃኗ ድና በጀርባዋ፣ ደምሰው በቅሎዋን እየሳበ።

ደምሰው አማቱን እጅ ነሳ። ክፉ ሰው አይደለም። መሐላውን ግን ያውቃል፣ አይታው ትመለስ ነው ያለው።

፦ ያውልሽ አበባሽ። እይውና ሳይመሽ እንመለስ አላት።

ትርንጎ ወረደች። ነጠላዋን ከግንባሯ ሳበችና ዓይኗን ሸፈነችው። ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች፣ ልጇን እንዳዘለች፣ አበባውን አልፋ ቤት ገባች። እናቷም ተከተለቻት።

ደምሰው የበቅሎዋን ልጓም እንደያዘ አየሽው ወይ ብሎ ጠየቀ።

፦ አላየሁትም አለች ትርንጎ። እማዬ፣ በሩን ዝጊው።

ማጠንቱ በሩን ዘጋችው።

፦ ከዚያስ፣ አያቴ?

፦ ከዚያማ ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ። ቆሎ ያለው ይዝገንልኝ፣ ጠላ ያለው ይቅዳልኝ።