ግድቡን የቆፈረው ከርከሮ

ምሳሌ ዝም ብሎ ከሜዳ አይበቅልም። አሁን የማወጋችሁ የበቀለው ከአንድ የአፈር ግድብ ላይ ነው። በሕንድ አገር፣ በአንድ የወንዝ ዳር መንደር፣ ሃሪፓዳ የሚባል የግድብ ጠባቂ ነበር፤ ይህን ምሳሌ መጀመሪያ የሰማው እሱ ነው፤ ከመስማቱ በፊት ግን አንጀቱ እርር ብሏል።

የመንደሩ ሰዎች እንደሚያምኑት፣ ቪሽኑ የሚሉት አምላካቸው ዓለም በተጨነቀች ቁጥር ሥጋ ለብሶ ይወርዳል። አንዴ ዓሣ፣ አንዴ ኤሊ፣ አንዴም ከርከሮ ሆኖ መጥቷል። ከርከሮ የሆነው ምድር ውኃ ውስጥ ሰጥማ ሳለ ነው፤ ጠልቆ ገባና በክራንቻው አንሥቶ አወጣት። በመቅደሳቸው ደጃፍ ላይ የተቀረጸውም ይኸው ነው።

እንግዲህ ይህ በሚታሰብበት በዓል ዕለት፣ ክረምቱ በገነነበት ወቅት፣ አንድ ባለ ጎፈር ከርከሮ ከጫካ ወጥቶ ግድቡን ይቆፍር ጀመር። የመንደሩ ሹም ናቢን ከመቅደስ ሲመለሱ በጭቃ የተለወሰ ክራንቻውን አዩና፣ ያ ሁሉ ነጭ ልብሳቸው ሳያሳዝናቸው ጭቃው ላይ ተደፉ። ሹም ከተደፋ ማን ቆሞ ይቀራል? ከማግስቱ ጀምሮ ሕዝቡ ሙዝና በወተት የበሰለ ሩዝ እያመጣ ከርከሮው በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ያስቀምጥለት ገባ።

የሃሪፓዳ ጎጆ ከግድቡ ሥር ነው። ሚስቱ ኮሞላ ከወለደች ገና ዘጠኝ ቀኗ ስለሆነ፣ በአገሩ ልማድ የመንጻቷ ቀን እስኪደርስ ከደጃፍ አትወጣም። ወንዙ ደግሞ በየቀኑ አንድ ስንዝር ይጨምራል።

«ጌታዬ፣ እባክዎ ላባርረው» አለ ሹሙን።

«ምን አልክ አንተ? አምላክን በዱላ?»

«እሺ፣ ምግቡን እንኳ ከግድቡ አርቀን እናኑርለት። ጉድጓዱ ውስጥ ስለሚያገኝ እኮ ነው የሚመላለሰው!»

«ለአምላክ ማዕድ የምትመርጥለት አንተ ነህ? አርፈህ ተቀመጥ!»

ችግሩ ሃሪፓዳ ራሱም አማኝ ነው። ዱላውን ያነሣል፤ መልሶ ያስቀምጠዋል። እውነት እሱ ቢሆንስ? መትቼው የልጄን ዕድሜ ባሳጥርስ? ካልሆነስ? ካልሆነማ ውኃው ያሳጥረዋል። ጠዋት የደፈነውን ጉድጓድ ከርከሮው ከሰዓት ይንደዋል፤ እሱ ደግሞ ጭቃውን ተሸክሞ እንደገና ይደፍናል።

በአምስተኛው ቀን፣ ፀሐይ ገና ሳታዘቀዝቅ፣ ከግድቡ ግርጌ ውኃ ሲሰርግ አየ። ወዲያው ቁርጥማት አልጋ ላይ ወደ ጣላቸው አዛውንት የመቅደስ አገልጋይ፣ ወደ ቢሽዋናት ቤት በረረ።

«አባቴ፣ እሱ መሆን አለመሆኑን በምን ልወቀው?»

«ከመጣ ወዲህ ውኃው ጎደለ ወይስ ሞላ?» አሉት።

«ሞላ እንጂ።»

«ምድሪቱስ ወጣች ወይስ ሰጠመች?»

«ልትሰጥም ነው፣ አባቴ!»

«ታዲያ ምኑን ትጠይቀኛለህ? አምላክ የሚወርደው የሰጠመውን ሊያነሣ ነው። የከርከሮ መልክ መያዙ ትሕትናው ነው እንጂ ሥራውስ ማንሣት ነበር። በል እዘለኝ!»

አዝሏቸው ሮጠ። ሲደርሱ ሹሙ ትሪ ይዘው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክከዋል።

«ናቢን፣ ከዚያ ተነሥ!» ብለው ጮኹ ሽማግሌው።

ሹሙ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበርና አልሰሙም። ከርከሮው ግን ሩዙ ሸቶታል። በአፍንጫው ገፋ ሲያደርጋቸው ትሪው ተገለበጠ፤ የፈሰሰውን ሩዝ ፍለጋ አንዴ፣ ሁለቴ ቢቆፍር ግድቡ ተናደ።

ሃሪፓዳ ሽማግሌውን ከፍ ያለው የግድቡ ጫፍ ላይ አስቀምጦ ወደ ጎጆው ወረደ። ውኃው ከወገቡ ደርሶ ነበር። «ገና አልነጻሁም እኮ!» አለች ኮሞላ በሩ ላይ ቆማ። «ውኃው ያነጻሻል፣ ነይ!» አለና ሕፃኗን በአናቱ ላይ አንሥቶ፣ ሚስቱን በክንዷ ጎትቶ ግድቡ ላይ አወጣቸው። ጎጆው ዓይናቸው እያየ ሄደ። ሃሪፓዳ ልጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። የመንደሩ ሰው በርና አልጋ እየነቀለ ሽንቁሩን እስኪደፍን ሩዝ የተዘራበት ማሳ ሁሉ ሐይቅ ሆነ።

ከርከሮው ማዶ ተሻግሮ የሹሙን ሸንኮራ አገዳ ይነቅላል። ሹሙ እስከ ደረታቸው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅረው፣ አሁንም ሁለት እጃቸውን ገጥመው ወደ እሱ ዞረዋል።

«አባቴ፣ ምን በድለነው ይሆን እንዲህ የተቆጣን?» ብለው ጠየቁ።

ሽማግሌው አንዴ ሹሙን፣ አንዴ አራሷን አዩና ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «አምላክ ከርከሮ ሆነ ቢሉት፣ ከርከሮ ሁሉ አምላክ መሰለው» አሉ።