ቀይ ክር

አንድ ገበሬ ነበረ። ቆይ፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «መምህር፣ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ምግብ ከማሳ እስከ ገበታ የሚሄድበትን መንገድ ልማር ነው፤ ስለ ምን አንድ ወር ሙሉ ጉልት ላይ ሽንኩርት ያስቸረችሩኛል?» ነው ያልሽኝ። እሺ፣ ተቀመጪና ስሚ።

ይህ ገበሬ ወንዝ ዳር በመስኖ ሽንኩርት ያለማ ነበር። ጎበዝ ነው፤ ማሳው ውስጥ አረም ቢፈልጉ አይገኝም። ሚስቱም የጆንያውን አፍ በቀይ ክር ትሰፋለች፤ በዚያ አገር እንደ እሷ አሳምሮ የሚሰፋ አልነበረም። ሰውየው ግን አንድ ብልሃት ነበረችው። ሽንኩርቱ በሚነቀልበት ዋዜማ ማሳውን ውሃ ያጠጣል። ሽንኩርቱ ጠጥቶ ያብጥና ሚዛን ላይ ይከብዳል። ጎረቤቶቹም ሁሉ እንዲሁ ያደርጉ ስለነበር ማንም ነውር አላለውም።

ነጋዴው በየዓመቱ ዋጋ ይቀንሳል። እሱ በቀነሰ ቁጥር ገበሬው ውሃ ይጨምራል። በመጨረሻ ነጋዴው የመጀመሪያውን ጭነት ወሰደና «ሁለተኛ የእናንተን ሽንኩርት አልነካም» ብሎ ላከበት። የቀረው ማሳ ሙሉ ሽንኩርት አለ፤ የዓመት ልፋት ነው። ገበሬው በንዴት ጨሰ። ነጋዴውን አንቆ ሊጠይቅ ዱላውን ይዞ ከተማ ወረደ።

ገበያው መግቢያ ላይ ግን ቀይ ክር አየ። አንዲት ሴት ጉልት ላይ ተቀምጣ ጆንያ ትፈታለች። ሽታው ገና ከሩቁ ይጣራል። ግማሹ በስብሷል።

«ወንድሜ፣ ልጆቼን የማበላው ከዚህ ነው» አለችው፣ ማን እንደሆነ ሳታውቅ። «ይህን ቀይ ክር የሰፋውን እጅ ይቁረጠው!»

ልቡ ደነገጠ። የሚስቱ እጅ ነው የተረገመው። ዱላውን አስቀመጠና አጠገቧ ቁጭ ብሎ የበሰበሰውን ከደህናው ይለይ ጀመር። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ለየ። ሲጨርስ እንዲህ አላት፦

«እትዬ፣ የሰፋችው ሚስቴ ናት። ውሃውን ያጠጣሁት ግን እኔ ነኝ፤ እርግማኑ ለእኔ ይሁን።»

ሴትዮዋ ትክ ብላ አየችው። «ውሃ ከሆነማ እኔም ቤት ቧንቧ አለኝ» አለችው። «ለእኔ ሽንኩርት አምጣልኝ።»

ነጋዴውን ሳይፈልግ ተመለሰ። የመስኖውን ቦይ ደፈነ። ጎረቤቶቹ ሳቁበት፦ «ውሃ የተከለከለ ሽንኩርት ሚዛን ላይ ምን ሊመዝን ነው?» እሱ ግን ቅጠሉ ደርቆ እስኪተኛ ጠበቀ፤ ነቅሎም ጥላ ሥር አደረቀው። ሚስቱ «ክሩን እንኳ እንለውጠው፤ ስሙ ጠፍቷል» ብትለው «ክሩ ምን አጠፋ? በዚያው ስፊ» አላት።

ወስዶ ለዚያችው ሴት ሰጣት። እሷም አላመነችውም፤ አንዱን ጆንያ ግድግዳ ላይ አስደግፋ ወር አቆየችው። በወሩ ስትፈታው አንድም የበሰበሰ አልነበረም፤ ልጣጩ እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል። እልል አለች! የጉልቱ ሴቶች ሁሉ «ቀይ ክር! ቀይ ክር አምጡልን!» ይሉ ጀመር። ያ «ሁለተኛ አልነካም» ያለው ነጋዴ ራሱ መኪናውን አስነስቶ ማሳው ድረስ መጣ፤ ኮፍያውንም አውልቆ ለመነ። ደስ አይልም? እኔ ይህን ባወራሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

በማግስቱ ጎረቤቶቹ ደጁ ላይ ተሰለፉ። ምን ሊለምኑ መሰለሽ? ቀይ ክር!

ገበሬው እየሳቀ «ክሩስ ሞልቷል» አላቸው። «መጀመሪያ ግን ሽንኩርታችሁን ተከትላችሁ ጉልት ውረዱ። ጆንያው ሲፈታ አጠገቡ ተቀመጡ። ከዚያ ኑና ውሰዱ።»

እንግዲህ ልጄ፣ አንቺም ደጄ ላይ ቆመሽ የምትለምኚኝ ክሩን ነው። ዲግሪ ማለት ቀይ ክር ነው፤ የጆንያ አፍ ያሳምራል እንጂ ውስጡን አያደርቅም። ነገ አንቺ ለገበሬው «እንዲህ አድርግ» ባይ ትሆኛለሽ። ያልሽውም ዞሮ ዞሮ አንዲት ሴት ጉልት ላይ የምትፈታው ጆንያ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ሂጂና አጠገቧ ተቀመጪ። ወሩ ሲያልቅ ክሩን በገዛ እጄ እሰፋልሻለሁ፤ ያን ጊዜ እጄን የሚረግም አይኖርም።