አልጠጥርም ያለው ባሕር

"አልጠጥርም አልኩሽ እማማ ኒቪ! አትጨቅጭቂኝ!" አለ ባሕሩ።

"ትጠጥራለህ እንጂ! ዱሮ በዚህ ወቅት በረዶ ሆነህ ውሾችን ከሚጎትቱት መንሸራተቻ ጋር ትሸከም ነበር። ልጄ ማዶ ደሴቱ ላይ ብቻዋን ናት፤ የመውለጃ ወሯ ገብቷል። ጀልባዬን እንደሆነ ሰብረሃታል። በምን ልሻገር?"

"ሞቆኛላ! ፀሐይን ልቀቂው በያት።"

የኒቪ እግር አንድ ቦታ አልቆም አለ። ወደ ላይ አንጋጠጠች። "እሜቴ ፀሐይ፣ ባሕሩን ልቀቂው፤ ባሕሩ አልጠጥር አለ፣ እኔም ልጄ ዘንድ አልደረስኩ።"

"እኔ ምን አጠፋሁ?" አለች ፀሐይ። "ዱሮ ነጩ በረዶ ብርሃኔን ይመልስልኝ ነበር። ዛሬ ጥቁሩ ውኃ ሁሉን ውጦ ይሞቃል። በረዶውን መልስላት በዪው።"

ዳር ላይ አንድ ቁራጭ በረዶ ይንሳፈፋል። "አንተ በረዶ፣ ብርሃኗን መልስላት፤ ፀሐይ ባሕሩን አልለቅ አለች፣ ባሕሩ አልጠጥር አለ፣ እኔም ልጄ ዘንድ አልደረስኩ።"

"በየትኛው ገላዬ? ነፋሱ ሰባብሮ ጨረሰኝ። ተወው በዪው።"

"አንተ ነፋስ፣ በረዶውን ተወው፤ በረዶው ብርሃን አልመልስ አለ፣ ፀሐይ ባሕሩን አልለቅ አለች፣ ባሕሩ አልጠጥር አለ፣ እኔም ልጄ ዘንድ አልደረስኩ።"

"እኔስ መቼ ዐረፍኩ? ዱሮ ብርድ እንደ አጥር ይይዘኝ ነበር። አጥሩ ላላ፤ አንድ ቀን እዚህ ሙቀት፣ ሌላ ቀን ሩቅ አገር ውርጭ ተሸክሜ እባዝናለሁ። ብርድን ያዘው በዪው።"

"አንተ ብርድ፣ ነፋሱን ያዘው!" አለች ኒቪ እያለከለከች። "ነፋሱ በረዶውን አልተው አለ፣ በረዶው ብርሃን አልመልስ አለ፣ ፀሐይ ባሕሩን አልለቅ አለች፣ ባሕሩ አልጠጥር አለ፣ እኔም ልጄ ዘንድ አልደረስኩ!"

"የት ተቀምጬ? ባሕሩ በትኩስ ትንፋሹ ያባርረኛል። ቀዝቅዝ በዪው።"

"ባሕሩን?" ኒቪ ራሷን ያዘች። "ከእሱ አይደል እንዴ የመጣሁት! ለካ ስታዞሩኝ ነው የዋላችሁት! ሁላችሁም አንዳችሁ ሌላውን ስትጠብቁ ልጄ ትሙትብኝ? እሜቴ ፀሐይ፣ አንቺ የማትወጪበት የረጅሙ ሌሊት ወራት ደርሷል፤ መሄጃሽ ነው። አንቺው ጀምሪው!"

ፀሐይ ፊቷ ቀላ። "እሺ፤ ስሄድ ግን እንዳታለቅሱ" ብላ ከአድማሱ በታች ወረደች።

ፀሐይ ባሕሩን ለቀቀች፤ ባሕሩ ቀዘቀዘ፤ ብርድ መቀመጫ አገኘ፤ ብርድ ነፋሱን ያዘ፤ ነፋሱ በረዶውን ተወ፤ በረዶው ከዳር እስከ ዳር ተዘረጋ፤ ባሕሩ ጠጠረ።

"ገና ስስ ነኝ" አለ ባሕሩ። "ጥቂት ታገሺ፣ እማማ።"

ማዶ፣ ደሴቱ ላይ፣ እሳት ቦግ አለ። ልጇ ምጥ ሲጀምራት ልታነደው የተስማሙበት እሳት ነበር።

ኒቪ ዘንጓን አነሣች። ይሸከማት እንደሆነ በረዶውን መታ አደረገች፤ አዳመጠች፤ ረገጠች። ደግማ መታ አደረገች። ወደ እሳቱ ሄደች።