ለእንጨት እጅ የነሣችው ልጅ

አንድ ሰው ነበረ። ቆይ፣ አትቁነጥነጥ! «ልጄ ሲያየኝ ዓይኑን እያጨነቆረ ፊቱን ያኮሳትርብኛል፤ ይህን ንቀቱን በምን ቅጣት ላስጥለው?» ብለህ የጠየቅኸኝን አልረሳሁትም። እዚያው ነኝ፤ ተቀመጥና ስማኝ።

ይህ ሰው አናጺ ነበረ። በርና መስኮት ይሠራል። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጣውላ ካየ ጥመቱ አያመልጠውም፤ በዚህም ሲመካ ለጉድ ነው። ስንዱ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው፤ ስሟ ሲነሣ ፊቱ ይበራል።

ታዲያ ይህች ልጅ ሽማግሌ ሲያልፍ ከተቀመጠችበት አትነሣም ተባለ። ሴቶቹ ከማዶ ሰላም ሲሏት ዝም ብላ ትሄዳለች። በዚያ አገር ደግሞ ለታላቅ ያልተነሣ ልጅ የሚያሰድበው ወላጁን ነው። ጎረቤቱ እየተፈራረቀ ወደ አናጺው መጣ። «ምነው፣ ትምህርት ቤት ብትገባ ልቧ አበጠ እንዴ? ሰላምታ ማንን ገደለ?» ይለው ጀመር።

አባት በኀፍረት ተቃጠለ። መከራት፣ ቆነጠጣት። እሷ ግን «ዓይኔን ግንባር ያድርገው አባዬ፣ አላየኋቸውም!» ትለዋለች።

«ይህን የሚያህል ሰው አላየሁም ትያለሽ? ጭራሽ መሐላ ተማርሽ?» አለና ቁርጡን ነገራት። ከሰኞ ጀምሮ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር የለም፤ መጀመሪያ ቤት ተቀምጣ ሰው ማክበር ትማር። ስንዱ ከትምህርቷ አስበልጣ የምትወደው ነገር አልነበረምና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ከእንግዲህ ግን አንድም ሰው ሰላም ሳልለው አያልፍም ብላ ቆረጠች።

ቅዳሜ ዕለት አናጺው ደጁ ላይ ሲሠራ ፀሐይዋ በረታችበት። ጋቢውን አውልቆ አጠገቡ ባቆመው እንጨት ላይ ጣለው፤ ባርኔጣውንም ከላይ ደፋበት። እሱ ከጣውላው ክምር ጀርባ ተንበርክኮ መላጊያውን ይገፋል። ስንዱ ውኃ ቀድታ መጣች። ገና ከሩቅ ቆም አለች። ጀሪካኑን አስቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ጎንበስ ብላም «እንደምን ዋሉ፣ አባባ?» አለች። ለእንጨቱ!

አናጺው የምትቀልድ መስሎት ሣቁ እንዳያመልጠው አፉን ያዘ። ልጅቱ ግን እንዳጎነበሰች ቀረች። እንጨት አይመልስ ነገር! ጥቂት ጠብቃ፣ «አባባ፣ እርስዎም ተቀየሙኝ? ባለፈውም ሳላይዎ ቀርቼ ይሆናል። እባክዎ አባዬን ይለምኑልኝ፤ ከትምህርቴ እንዳያስቀረኝ» አለች፤ እንባዋም ዱብ ዱብ አለ።

ያን ጊዜ አናጺው ልጁ እንደማትቀልድ ገባው። መላጊያውን ወርውሮ ሮጠና እቅፍ አደረጋት። «እኔ ልታወርልሽ፣ የኔ እናት! እንጨት እኮ ነው!» አላት። አባትና ልጅ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ቆይተው ደግሞ ጋቢ የለበሰውን እንጨት እያዩ ሆዳቸውን ይዘው ሣቁ።

ሰኞ እጇን ይዞ የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰዳት። ሐኪሟ መርምራት ስታበቃ፣ «ቅርቡን ታያለች፣ ሩቁ ግን ይደበዝዝባታል። እንዲህ ያለ ልጅ ብዙ ነው። ሰው ሁሉ እንደሱ የሚያይ ስለሚመስለው አይናገርም» አለችና መነጽር አዘዘችላት።

መነጽሩን ያደረገች ዕለት ሰፈሩ ጉድ አየ! ማዶ ያሉትን ባልቴት ከበራቸው ቆመው ስታያቸው፣ «አባዬ! ለካ እማማ እጃቸውን የሚያውለበልቡት ለኔ ኖሯል!» ብላ በረረች፤ ጉልበታቸውንም ሳመች። ትምህርቷንም ቀጠለች። ከዚያማ ከወንዙ ወዲያ ለሚያልፈው ሁሉ ሳይቀር ብድግ እያለች እጅ ትነሣ ጀመር። ወገባቸውን የሚያማቸው አንድ ሽማግሌ፣ «ኧረ በቃሽ ልጄ፣ አጸፋውን ስመልስ ወገቤ ተቆረጠ!» እስኪሉ ድረስ።

እንግዲህ ወዳጄ፣ ያ አናጺ አንተ ነህ። ልጅህ ዓይኑን የሚያጨነቁረው ንቆህ መሰለህ? አባቴ ዛሬ ተቆጥቶ ይሆን ወይስ ደስ ብሎት እያለ ፊትህን እየፈለገ ነው፤ አልታየውማ! ሂድ፣ ሐኪም ዘንድ ውሰደው። መነጽሩን ባደረገ ጊዜም ፊት ለፊቱ ቁም፤ መጀመሪያ የሚያየው ያንተን ሣቅ ይሁን።