የፈንታው ፒክአፕ በሰርጉ ቁልቁለት

በእኛ ሰፈር አንድ ሰው ሥራ ሳይበዛበት «ኧረ ደከመኝ፣ ኧረ ከበደኝ» እያለ ሲያቃስት፣ ሰዎች ተያይተው ይሥቁና አንድ አባባል ይወረውሩበታል። አባባሉ ከጥንት የመጣ የሚመስላቸው አሉ። የአህያ ተረት ነው የሚሉም አልጠፉም። የምን አህያ! የፈንታው ፒክአፕ ነው። እንዴት እንደተባለ እኔን ጠይቁኝ፤ ቆሜ አይቻለሁ።

ፈንታው ሰው ከእሱ በፊት መኪናውን ሰላም እንዲልለት የሚፈልግ ጎረምሳ ነበር። ጥሩዓለምን ለማግባት ሽማግሌ ሲልክ አባቷ አቶ ገብረየስ «ልጁ ክፉ አይደለም፤ ግን አልሰከነም» ብለው መለሷቸው። በስንት ደጅ ጥናት እሺ ሲሉም «እስከ ሰርጉ ድረስ አየዋለሁ» የምትል ቃል አስከትለው ነው። ፈንታው ታዲያ መስከን ማለት ዝቅ ማለት መሰለው። ያውም የመኪና! ቪዲዮ ላይ ያየውን ይዞ ጭነት የሚሸከመውን የፒክአፑን ባሌስትራ አስቀነሰና ሆዱ መሬት ሊልስ እስኪደርስ አወረደው። መንገዱ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት በሆነበት በደሴ!

ከዚያ ወዲህ ፍሬን በያዘ ቁጥር የመኪናው ኋላ እስክስታ ይወርድ ጀመር። ወደ ሙሔ ጋራዥ አመጣው። እኔ ከጋራዡ ጎን መለዋወጫ ስለምሸጥ አንድም ቃል አላመለጠኝም።

«አያ ሙሔ፣ የኋላው ፍሬን አጉል ይይዛል። የፍሬን ሸራውን ቀይርልኝ።»

ሙሔ ከሥር ገብቶ ወጣ። «ሸራው ምንም አልሆነ። መኪናውን ያታለልከው አንተ ነህ።»

«እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ?»

«ከኋላ ጭነት የሚያዳምጥ ቫልቭ አለው። ጀርባው ዝቅ ሲል ‹ተጭኛለሁ› ብሎ ለኋላው እግር ብዙ ፍሬን ይልካል። አንተ ባዶውን ዝቅ አደረግኸው። ቀላል ጎማ ላይ ያን ሁሉ ፍሬን ሲልክበት እግሩ ይታሰርና ይንሸራተታል። የቫልቩን ዘንግ በአዲሱ ቁመት ልክ ላስተካክለው፤ ሞክሬው ሰኞ ትወስዳለህ።»

«እሑድ ሰርጌ ነው እኮ!»

«እንግዲያው ባሌስትራውን ወደነበረበት ልመልሰው። ዛሬ ያልቅልሃል።»

«ከፍ ብሎ? እንደ ሲሚንቶ አመላላሽ?» ፈንታው ፊቱን አጨማደደ።

አላስችል አለኝ። «ሙሽራ ከመሬት ከፍ ቢል ምን ይሆናል?»

«አንቺ ዕቃሽን ሽጪ! መኪና የወንድ ነገር ነው።»

«እሺ ወንድሜ፤ ቫልቩ ግን ወንድና ሴት አይለይም» አልኩት። ሙሔ ሣቁን በጨርቅ ሸፈነ። ፈንታው ሞተሩን አስጩኾ ሄደ።

እሑድ ሚዜዎቹን «ቀለሙን ትጭሩብኛላችሁ» ብሎ በሚኒባስ ሰደዳቸውና ብቻውን እየነዳ መጣ። ሙሽራ ራሱ ሹፌር! ከኋላው ላይ ከአበባ በቀር ምንም የለም። የነጥሩዓለም ቤት ከቁልቁለቱ ግርጌ ነው። እኛ ልጃገረዶች ክንድ ለክንድ ተያይዘን በሩን ዘግተናል፤ ሳይለመን ማንም እንዳይገባ ተማምለናል። ፈንታው ጡሩምባውን እያንባረቀ ቁልቁል ለቀቀው፤ በሩ ሲቀርብም ፍሬኑን ረገጠ።

ፊቱ ሊቆም ሲል ኋላው እምቢ አለ። ፒክአፑ ዞረና በጀርባው ወደ እኛ መጣ። መሐላችንን እዚያው ጥለን ተበተንን። ያን ቀን የሙሽራዋ በር ያለ ልመና ተከፈተ! መኪናው ጅራቱን ዳሱ ውስጥ ወሽቆ፣ መሐለኛውን ምሰሶ ጥሎ ቆመ። ደግነቱ ሰው አልነካም። የዳሱ ሸራ ግን ወርዶ ሰርገኛውንም እንግዳውንም አለበሰ፤ ከሥሩ የአንድ ሰው «ወጡ ላይ አትቁም!» የሚል ጩኸት ብቻ ይሰማ ነበር።

ፈንታው ከራቫቱ ወደ ጀርባው ዞሮ ወረደ። ጥሩዓለም በመስኮት አየችውና «እኔ በዚህ አልሄድም» አለች። አቶ ገብረየስም «ይኸው፤ አልሰከነም ብዬ ነበር» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ሰርጉ በአንድ ቃል ላይ ተንጠለጠለ፤ ሁሉም የሙሽራዋን አያት፣ አባ ይመርን፣ ያይ ጀመር።

አባ ይመር መኪናውን በከዘራቸው ቆርቆር አደረጉት።

«ልጄ፣ ምን ጭኖ ነው እንዲህ የጎበጠው?»

«ምንም አልጫነም፣ አባባ።»

«ታሟል?»

«ኧረ ደህና ነው!»

«ታዲያ ምን ሆኖ አጎነበሰ?»

«ፋሽን... ፋሽን ነው፣ አባባ» አለ ፈንታው፣ ጫማውን እያየ።

ሽማግሌው ጥሩዓለምን በዓይናቸው ጠየቋት፤ ሣቋን ስትታገል አዩ። «ገብረየስ፣ ልጅቷን ስጠው» አሉ። «ግን ይህ መኪና እዚሁ ይቅር። ዳገቱን በእግሩ ይዟት ይውጣ፤ መንገድ ላይ ይሰክናል።» ከዚያ ከዳሱ ሸራ ሥር ብቅ ብቅ ወዳሉት እንግዶች ዞረው፣ እንዲህ አሉ፦ «ሳይጫን ያጎነበሰ፣ በጅራቱ ደረሰ።»